ከሚግ የወረደው ሰዓት ስንት ያወጣል?

ስለ አሮጌ የጦር አውሮፕላኖች እዚህ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። መጀመሪያ የደበዘዘ ፎቶ ይመጣል፣ ቀጥሎ «ወንድሜ፣ ይቺ ስንት ታወጣለች?» የምትል አንዲት መስመር። ሰዓት ነው፣ ወይ የከፍታ መለኪያ፣ ወይ የፕሮፔለር ቁራጭ። አብዛኛው ከአየር ኃይል በጡረታ የወጣ አባት ወይም አጎት ቁም ሳጥን ውስጥ የተገኘ ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ቁርጡን ላስቀድም። ብረቱ በራሱ ይህ ነው የሚባል ዋጋ የለውም። ምናለሽ ተራ ብትወስዱት በኪሎ ይመዘናል፣ ከአሮጌ ድስት የሚለየው ነገር አይኖርም። ሰብሳቢ ኪሱን የሚፈታው ዕቃው ከየትኛው አውሮፕላን ላይ እንደወረደ፣ ማን እንደሠራውና በምን መንገድ እናንተ ዘንድ እንደደረሰ ሲያውቅ ነው። ይህን የሚናገሩት ደግሞ ጀርባው ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ፣ ቁጥሩና አብሮት ያለው ወረቀት ናቸው።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ፒ9374 የሚል ቁጥር ያለውን፣ ስፒትፋየር የተባለውን የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 ፒተር ካዘኖቭ የተባለው አብራሪ ተመትቶ ፈረንሳይ ውስጥ ካሌ አጠገብ የባሕር ዳርቻ ላይ አሳረፈው። አሸዋው ዋጠው። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ ባሕሩ ሸሽቶ ስብርባሪው ብቅ አለ። ጨው የበላው፣ ለዓይን የማይሞላ ብረት ነበር። ታድሶ በ2011 እንደገና በረረ፤ በ2015 ለንደን ውስጥ ክሪስቲስ ጨረታ ላይ 3.1 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣለት። ዛሬ ከሚበረው አካል አብዛኛው አዲስ የተሠራ ነው። ገዢው ግን የከፈለው ለአዲሱ አሉሚኒየም አልነበረም፤ ለዚያ ቁጥር፣ ለዚያች ቀንና ካሌ ላይ ለወረደው ሰው ታሪክ ነው። ሰሌዳውና ታሪኩ ባይኖሩ ያው ስብርባሪ ከባሕር የወጣ ቆሻሻ ነበር።

ስፒትፋየር ከ20,000 በላይ ተሠርቷል። ታዲያ እንዴት ብርቅ ሆነ? የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት መልሱን ይዟል። አሜሪካ ውስጥ ኪንግማን፣ አሪዞና ላይ ከ5,000 በላይ አውሮፕላኖች ተደርድረው አብዛኞቹ በእቶን ቀልጠዋል። በ1946 ፖል ማንዝ የተባለ የፊልም አብራሪ 475 የጦር አውሮፕላኖችን በ55,000 ዶላር ጠቅልሎ ገዛ፤ ጥቂቶቹን ለራሱ አስቀርቶ የቀረውን ሸጠው። አንዱ አውሮፕላን በአማካይ 116 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ዛሬ በዚያ ብር የአንዱን የኮክፒት ሰዓት መግዛት ራሱ ያጠራጥራል። ያኔ ማንም ያልፈለገው ነው አሁን የሚፈለገው። (የሞተር ፒስተን ቆርጠው የሲጋራ መተርኮሻ ያደረጉትን ሰዎች ግን እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም።)

ወደ እኛ ቁም ሳጥን ልመለስ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከጦርነቱ በኋላ በስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን አስተባባሪነት ቢሾፍቱ ላይ እንደ አዲስ ሲቋቋም ሳብ 17 ከስዊድን፣ ፌሪ ፋየርፍላይ ከእንግሊዝና ከካናዳ መጣ። ቀጥሎ ከአሜሪካ ኤፍ-86 እና ኤፍ-5፤ ከ1977 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት የሚግ ዓይነቶች። ስለዚህ አንድ የጡረተኛ መሳቢያ ውስጥ የአራት አገር ሥሪት ዕቃ ሊገኝ ይችላል፣ የአራቱም የቁጥር አጻጻፍ ይለያያል። እንግሊዝ ወይም ጀርመን ተቀምጦ የሚሰበስብ ሰው በአብዛኛው አንዱን ማንበብ ይበቃዋል፤ እኛ ግን ሁሉንም መልመድ አለብን።

የእንግሊዝ ዕቃ ከሆነ ዘውድ ፈልጉ። ከዘውዱ ሥር «ኤ ኤም» የሚሉ ሁለት ፊደላት ካሉ የአየር ሚኒስቴሩ ንብረት ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ በ6ኤ የሚጀምር ቁጥር ካለ የበረራ መለኪያ መሣሪያ ነው። በጦርነቱ ዘመን የተሠራ የአሜሪካ ዕቃ ላይ «ኤ ኤን» የሚል መነሻ ታገኛላችሁ፣ የምድር ጦሩና የባሕር ኃይሉ የጋራ መለኪያ ምልክት ነው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ያለው የምዕራብ አገሮች ዕቃ ቁጥር ደግሞ 13 አሃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ የዕቃውን ዘር ይነግሯችኋል፦ 6610 የበረራ መሣሪያ፣ 6645 ሰዓት፣ 2840 የጄት ሞተር ክፍል። ቀጣዮቹ ሁለቱ አገሩን፦ 00 ወይም 01 አሜሪካ፣ 99 እንግሊዝ፣ 21 ካናዳ። ይህን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ስትጽፉት ብዙ ጊዜ የትኛው አውሮፕላን ላይ እንደሚገጠም ይወጣላችኋል። ፎቶ ስትልኩልኝ የፊቱን ብቻ ከምትልኩ ጀርባውን ላኩ የምለው ለዚህ ነው።

የሶቪየት ዕቃ የራሱ ጸባይ አለው። ዋና ዋናው መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ «ፓስፖርት» የሚባል ትንሽ ደብተር ይዞ ይወጣል፤ የተሠራበት ቀን፣ የፋብሪካ ቁጥሩ፣ የሠራበት ሰዓትና የተጠገነበት ጊዜ ይጻፍበታል። ደብተሩና ዕቃው ላይ ያለው ቁጥር ከገጠመ ዋጋው ከፍ ይላል። ከቁም ሳጥን በብዛት የሚወጣው ግን አ-ቼ-ኤስ 1 የተባለው የኮክፒት ሰዓት ነው። ጥቁር ፊት፣ ውስጡ ሁለት ትንንሽ መደቦች፣ ከታች ግራና ቀኝ ቁልፎች አሉት፤ አንዴ ከተሞላ ቀናት ይሄዳል። የቼልያቢንስክ ፋብሪካ እጅግ ብዙ ስላመረተው ገበያው ጠግቧል። እሱን ይዞ ቤት እገዛለሁ ብሎ የሚያስብ ካለ ከወዲሁ ይረጋጋ። የእናንተን ከሌላው የሚለየው አባታችሁ ከየትኛው አውሮፕላን ላይ እንዳወረዱት መታወቁ፣ ከሰዓቱ ጋር የተነሡት ፎቶ ወይም የአገልግሎት ወረቀታቸው አብሮት መኖሩ ነው።

አሁን የሚያናድደኝ ጉዳይ ላይ ደረስኩ። ሰው ሊሸጠው ያሰበውን ዕቃ መጀመሪያ ምን ያደርገዋል? ይፈገፍገዋል። በብረት ሱፍ፣ በአሸዋ ወረቀት፣ አንዳንዴም በላዩ ላይ አዲስ ቀለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። የአሮጌ አውሮፕላን ክፍል ውስጠኛው ገጽ ላይ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት የዝገት መከላከያ ቀለም አለ። ብርሃን አስጠግታችሁ ካያችሁት ብዙ ጊዜ በቀለሙ ላይ በማተሚያ የተመታች ክብ ታገኛላችሁ፣ የጥፍር ስፋት ያላት፣ ውስጧ ቁጥርና ፊደል ያለባት። ፋብሪካው ውስጥ ዕቃውን ያሳለፈው ተቆጣጣሪ ማኅተም ናት። አንዴ በጨርቅ ጠንከር አድርጎ መጥረግ ያጠፋታል። ሰብሳቢ አጉሊ መነጽር ይዞ የሚፈልጋት እሷን ነው። ያ ቀለም ራሱ ክሮሜት አለበት፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ሲገባ ለካንሰር ያጋልጣል። ስለዚህ ስትፈገፍጉ ዋጋውንም ጤናችሁንም ነው የምታጡት።

ከዚህ የባሰ ሬዲየም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከዚያም በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የሰዓትና የመለኪያ ቁጥሮች በጨለማ እንዲታዩ ሬዲየም ያለበት ቀለም ይቀቡ ነበር። ዛሬ መብራት አጥፍታችሁ ብታዩት አያበራም። «አያበራም፣ ስለዚህ ሞቷል» እንዳትሉ። ያረጀው ብርሃን የሚሰጠው ሌላው ንጥረ ነገር ነው፤ የሬዲየም ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ነው። መስታወቱ እስካልተከፈተ ድረስ መደርደሪያ ላይ ያለ አንድ መሣሪያ ያን ያህል አያስፈራም፤ ከፍቶ ቀለሙን መነካካትና ብናኙን መተንፈስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቡናማ የሆነና የሚፈረፈር ቁጥር ካያችሁ አትክፈቱት፣ ሕፃን አጠገብ አታኑሩት፣ ለሰዓት ሠሪም ሳትናገሩ አትስጡት። ከጄት የወረደ የአብራሪ መቀመጫ ያለው ሰው ካለ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ፦ አትንኩት። መቀመጫውን የሚያስፈነጥረው ባሩድ ውስጡ ሊኖር ይችላል፣ የሚጠራው ባለሙያ ነው።

ዋጋ የት ይታያል ለሚለው፣ ኢቤይ ላይ ሻጩ የጠየቀውን አትመኑ። መጠየቅ ነጻ ነው። «የተሸጡ» የሚለውን ምረጡና በእርግጥ የተከፈለውን ተመልከቱ። አንድ ዓይነት ዕቃ በሦስትና በአራት እጥፍ ተለያይቶ ተሽጦ ካገኛችሁ ፎቶዎቹን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ፣ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ሰሌዳው ወይም ወረቀቱ ጋ ይገኛል። ዛሬም ለሚበር አውሮፕላን የሚሆን ዕቃ ለብቻው ገበያ አለው። መካኒኩ ሊገጥመው የሚችለው ታሪኩ በሰነድ ሲረጋገጥ ነው፤ ወረቀት ከሌለው ለግድግዳ ጌጥ ብቻ ይሆናል። የአሜሪካ ጦር መጋዘን ዕቃ ከሆነ የታሰረበትን ካርድ አትጣሉ። ቢጫ ለአገልግሎት ብቁ ነው፣ አረንጓዴ ጥገና ይፈልጋል፣ ቀይ ተወግዷል ማለት ነው። አዳዲስ ሰሌዳ እያስመሰለ የሚያትም ሰውም አለና ሰሌዳው ከዕቃው ይልቅ አዲስ የሚመስል ከሆነ ጠርጥሩ።

ከዋጋው በፊት ግን «የማን ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው። እንግሊዝ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በወታደራዊ ግዳጅ ላይ ከወደቀ አውሮፕላን ያለ ፈቃድ ቁራጭ ማንሳት ወንጀል ነው፤ አብራሪው እዚያው ሊኖር ይችላልና። የአሜሪካ ባሕር ኃይልም የሰመጡ አውሮፕላኖቹን ንብረትነት አልለቀቀም። አሜሪካ ውስጥ የቆየ ወታደራዊ ዕቃ ሲወገድ ሊሸጥ የሚችለውንና መሰባበር ያለበትን የሚለይ ምልክት ይሰጠዋል። አገር ቤትም ያው ነው፦ በጨረታ ለመወገዱ ወይም በስጦታ ለመሰጠቱ ወረቀት ከሌለ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ቅርስ የሆነውን ደግሞ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል ነው። በ1928 ዓ.ም ገደማ አገራችን ውስጥ የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ከጣሊያን ሙዚየም የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም ነው። አንዴ የወጣ ነገር ለመመለስ ስንት ዘመን እንደሚፈጅ አይተናል።

ካናዳም ለኢትዮጵያ ከሸጠቻቸው ፋየርፍላዮች ሁለቱን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መልሳ ወስዳለች። አንዱ ዛሬ የኦታዋው የአቪዬሽንና ሕዋ ሙዚየም ንብረት ነው። እኛ ጋ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት የኖረ አካል እዚያ የባሕር ኃይላቸው ታሪክ ሆኖ ተቀመጠ። አልወቅሳቸውም። መዝገብ ስለነበራቸው የትኛው ቁጥር የእነሱ እንደነበረ ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ ለሽያጭ አትቸኩሉ። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ደውሉላቸው። ከየትኛው አውሮፕላን እንደወረደ፣ በስንት ዓመተ ምህረት፣ ማን እንደሰጣቸው ጠይቁና ድምፃቸውን ቅረጹ። የሰሌዳውን ፎቶ ከቅጂው ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ። ዕቃውን አትፈግፍጉት።