ላሪ ስሚዝን ታውቁታላችሁ?

ባለፈው ሳምንት ስለ ድራም ማሽን አጭር ነገር ለጥፌ ነበር። ከሥሩ ብዙዎቻችሁ «ጋሼ፣ ያ ላሪ ስሚዝ ያልከው ሰውዬ ማነው?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ክፍል ውስጥ ስሙን ደጋግሜ ሳነሳ የሰማችሁ ተማሪዎቼ እንኳ ረስታችሁታል። አልተቀየምኩም፣ እዚያው አገሩ አሜሪካም የሚያስታውሰው ሰው ብዙ አይደለም። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ራን ዲኤምሲን ግን ታውቃላችሁ አይደል? ጥቁር ኮፍያ፣ ወፍራም የወርቅ ሐብል፣ ክር የሌለው አዲዳስ ጫማ። (እኛ ሰፈር እነሱን አይቶ የጫማውን ክር ያወለቀ ልጅ ነበር፤ እናቱ «ደግሞ ክሩን ማን ሰረቀህ?» እያሉ መከራውን ያበሉት ነበር።) የእነዚያን ልጆች የመጀመሪያ ሁለት አልበሞች፣ እ.ኤ.አ. የ1984ቱንና የ1985ቱን፣ ከራስል ሲመንስ ጋር ሆኖ የሠራው ላሪ ስሚዝ ነው። ራስል የንግዱ ሰው ነበር። ስቱዲዮ ገብቶ ድምፁን የሚያበጀው ላሪ ነው።

አንድ ነገር ላስገባ። እኛ አገር «ፕሮዲዩሰር» ሲባል ገንዘብ የሚያወጣው ሰውዬ ነው። ሙዚቃ ቤት ያለው፣ ካሴት የሚያሳትመው። እዚያ ግን ፕሮዲዩሰር ማለት ዘፈኑ ምን ዓይነት ድምፅ ይኑረው ብሎ የሚወስነው ነው። ለእኛ አቀናባሪው ማለት ነው፣ ትንሽም ከዚያ ይበልጣል። ይቺን ልዩነት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ላሪ የኒውዮርክ ኩዊንስ ሰው ነው፤ ሙያው ቤዝ ጊታር። ራፕ በሸክላ መታተም ሲጀምር ከበስተጀርባ የሚጫወተው የተቀጠረ ባንድ ነበር። ከርቲስ ብሎው እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው የገና ራፕ ላይ ቤዙን የመታው ላሪ ነው። ከዚያ ድራም ማሽን መጣ። የሮላንዱ 808 በ1980 ወጣ፤ እሱ ድምፁን ራሱ በኤሌክትሪክ ይፈጥራል። የኦበርሃይሙ ዲኤምኤክስ ቀጥሎ መጣ፤ የእውነተኛ ከበሮ ድምፅ ተቀድቶ ቺፕ ላይ ተጭኗል። ለዚህ ነው ዲኤምኤክስ ደረትን እንደ ጡጫ የሚመታው። እንግሊዞቹ ኒው ኦርደሮች በ1983 «ብሉ መንዴይ»ን የሠሩበት ማሽን እሱ ነው። ላሪም የመረጠው ይህንኑ ነው።

አሁን «ሳከር ኤምሲስ»ን ክፈቱ፣ 1983። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፣ በስልካችሁ ስፒከር አይሆንም። ምን አለ? ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ የሸክላ ስክራች፣ የሰው ድምፅ። በቃ። ኪቦርድ የለ፣ ጊታር የለ፣ ቤዝ የለ። ልብ በሉ፣ የሠራው ሰው እኮ ቤዝ ተጫዋች ነው! እንጀራውን የሚበላበትን መሣሪያ ከዘፈኑ አውጥቶ ጣለው። ምቱን ከዓመት በፊት «ኦሬንጅ ክረሽ» ከሚባለው ከራሱ ቡድን ጋር ከሠራው «አክሽን» ከሚለው ዘፈን ነው ያመጣው፤ ጌጡን ሁሉ ገፍፎ አጥንቱን ብቻ አስቀረ። ዘፈኑ «ኢትስ ላይክ ዛት» ከሚለው ሸክላ ጀርባ ላይ ነበር የታተመው። ለእኔ ላሪ በሕይወቱ ከመታው ቤዝ ሁሉ የሚበልጠው ያ ያልመታው ነው።

ግን ሰውየው ሌላ ነገር የማይችል እንዳይመስላችሁ። እዚያው 1984 ላይ ለሁዲኒ «እስኬፕ» የሚለውን አልበም ለንደን ገብቶ ሠራ። «ፍሬንድስ» የሚለውን ስሙት። ኪቦርዱ ይለሰልሳል፣ ቤዙ ይንከባለላል፣ ለጭፈራ የተሠራ ነው። አንዱ አልበም ድንጋይ፣ አንዱ ሐር። በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ሰው እጅ። «ሮክ ቦክስ» ላይ ደግሞ ኤዲ ማርቲኔዝን አምጥቶ የሮክ ጊታር ከራፕ ጋር ደባለቀ። ዛሬ ራፕና ሮክ መቼ ተጋቡ ሲባል ሁሉም የሚጠራው የ1986ቱን «ዎክ ዚስ ዌይ» ነው። ላሪ ሁለት ዓመት ቀድሞ ሠርቶታል። በዚያ በሦስተኛው አልበም ላይ ግን እሱ የለም፣ ሪክ ሩቢን ገብቷል። አልበሙ በብዙ ሚሊዮን ተሸጠ፣ ታሪኩም ከዚያ ይጀምራል ተባለ።

ከዚያ በኋላ የላሪ ስም ቀዘቀዘ። ሥራው ግን አልቀዘቀዘም፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በ1996 ናስ «ፍሬንድስ»ን ወስዶ ትልቁን ዘፈኑን ሠራበት። በ1998 ጄሰን ኔቪንስ የሚባል ዲጄ «ኢትስ ላይክ ዛት»ን አፍጥኖ የሃውስ ምት አስገባበትና እንግሊዝ አገር ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። የሁለቱም ዘፈኖች ደራሲዎች ስም ሲጻፍ ላሪ ስሚዝ አለበት። በድምፅ ሠሪነት ብቻ አይደለም፣ በደራሲነት። ዘፈኑ በሌላ ሰው እጅ ሲታደስ ደራሲው ይጠየቃል፣ ድርሻም አለው። በ2007 ስትሮክ መታው፣ መናገርም አቃተው። በ2014 አረፈ። ራሱ መናገር ባልቻለባቸው በእነዚያ ዓመታት ስለ እሱ ሲናገር የኖረው ያ ወረቀት ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከወር በፊት ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ደወለልኝ። ስሙን አልጠራም። የሠራው ምት ያለበት ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ሚሊዮን አልፏል፣ ሠርግ ቤት ሁሉ ይጫወታል። ስሙ የለም። «ጋሼ፣ አምስት ሺህ ብር ከፍለውኛል፣ ምን ልበል?» አለኝ። በምን ተስማማችሁ ስለው፣ በቴሌግራም ፋይሉን ልኮ በቴሌብር ብሩን ተቀብሎ፣ በቃ። እኔም በካሴቱ ዘመን በኪቦርድ ስሠራ በዘፈን ሒሳብ ነበር የሚከፈለኝ። አንዴ ስምንት ዘፈን አቀናብሬ ሽፋኑ ላይ ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ ተጽፎ የኔ ስም ቀረ። አሳታሚውን ስጠይቀው «ቦታ አልበቃ ብሎ ነው» አለኝ። የፎቶ ቤቱ ስም ግን በቅቶት ነበር።

ስም መጻፍ ምን ያደርጋል ለምትሉ፣ ኃይሉ መርጊያን አስቡት። ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን ቀረ። ላሪ ሁለተኛውን የራን ዲኤምሲ አልበም ባወጣበት በ1985፣ ኃይሉ አኮርዲዮኑን፣ አንድ ዲኤክስ 7፣ አንድ ሮድስና ድራም ማሽን ይዞ ብቻውን ካሴት ቀረጸ። ከዚያ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ገዝቶ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ይዞ ፈለገው፣ ደወለለት፣ በ2013 እንደገና ታተመ። ሰውዬው በስተርጅና ዓለምን እየዞረ ተጫወተ። ሽፋኑ ላይ ስም ባይኖር ማንን ይፈልግ ነበር?

ለልጁ ያልኩትን ለሁላችሁም ልበል፣ ብዙዎቻችሁ እዚያው ላይ እንዳላችሁ ስለማውቅ። ፋይል ከመላካችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ። ምቱን ማን ሠራው፣ ዜማው ላይ እጃችሁ አለ ወይ፣ ስማችሁ የት ይጻፋል፣ ሌላ ሰው ቢያድሰው ድርሻው ስንት ነው። «ወንድሜ ነው፣ ይሉኝታ ይይዘኛል» አትበሉኝ። ወንድማችሁ ከሆነ ይፈርማል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 አለ፤ አንብቡት፣ የሥራው ባለቤት ስሙ እንዲጠቀስለት መብት እንዳለው ይናገራል። ልጁ የፕሮጀክት ፋይሉን ከነቀኑ አስቀምጦ ስለነበረ ዘፋኙ ጋ ሄደን ተነጋገርን። ዩቲዩቡ ላይ ስሙ ገብቷል። ስለ ገንዘቡ ገና እየተነጋገርን ነው፣ ሽማግሌም ገብቷል።

የዲኤምኤክስን ምት ከባዶ እንዴት እንደምትሠሩት አንድ ፋይል አዘጋጅቻለሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። «ጋሼ ሌላም ጨምርልን» የምትሉኝ ግን መጀመሪያ «ሳከር ኤምሲስ»ን ሦስት ጊዜ ሰምታችሁ ኑ።