ያልተዘለለው መስመር

ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ የተቆረቆረችው ይህች የላይ ጋይንት ከተማ በመስከረም ማለዳም ጋቢ ታስደርባለች። ከወረታ ወደ ወልዲያ ከሚዘልቀው አውራ ጎዳና ገባ ብላ አንዲት አሮጌ ሱቅ አለች፤ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ኩራዝና መርፌ በአንድ መደርደሪያ ተደጋግፈው የሚኖሩባት። በጡረታ የተገለሉ አንድ መምህር ወደዚህች ሱቅ የገቡት የመነጽራቸውን ማንጠልጠያ ክር ፍለጋ ነበር።

ባለ ሱቁ ክሩን ለማግኘት የአባቱን የእንጨት ሣጥን ሲያተራምስ በላስቲክ የታሰረ የወረቀት ጥቅል አወጣ። ጥቅሉ ሲፈታ የመልካም ምኞት ካርዶች ሆነው ተገኙ። በአንዱ ላይ ጀበና የያዘች ልጃገረድ፣ በሌላው ላይ በረዶ የሸፈነው የፈረንጅ ጥድ፣ በሦስተኛው ላይ የአደይ አበባ እቅፍ ታትሟል። ቀለማቸው ደብዝዟል፤ ጠርዛቸውንም አይጥ ቀምሶታል። ውስጣቸው ግን «እንኳን አደረሰዎ» ከሚለው የማተሚያ ፊደል በታች ባዶ ነው።

መምህሩ የአደይ አበባውን ካርድ አንሥተው ዝም አሉ። ያን ሥዕል ያውቁታል።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. አገር አቀፉ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እርሳቸው ገና ወጣት ነበሩ፤ የተመደቡትም ስማዳ ገጠር ነበር። ተማሪዎቻቸው ቀን ሲያርሱና ሲያርሙ ውለው ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል የሚቆጥሩ ገበሬዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል አንዲት እናት በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ካርድ ፈትታ «እስቲ አንብብልኝ ልጄ» አለቻቸው። ለ1970 አዲስ ዓመት ወታደር ልጇ የላከላት ነው። መምህሩ ሰላምታውንና ናፍቆቱን፣ ለታናናሾቹ የላከውንም ምክር አነበቡላት። «ወደ ኦጋዴን ግንባር መሄዴ ነው፤ ባልመለስ ማቅ አትልበሺ» የሚለውን መስመር ግን ዘለሉት። ከልጁ ከዚያ ወዲህ ወሬ አልተሰማምና አሳዘነቻቸው።

ወራት አለፉ። ሴትዮዋ ቃል መግጠም በቻለች ማታ መማሪያ መጽሐፉን ወደ ጎን ብላ ካርዱን አወጣች። ጣቷን ከፊደል ወደ ፊደል እያሳለፈች ከዚያ መስመር ደረሰች፤ ሁለት ጊዜም አነበበችው። «ከዚህ ስትደርሱ ሁላችሁም ትዘላላችሁ» አለች። ከዚያም ካርዱን መልሳ ቋጠረች። በማግሥቱ ማታ ከሁሉ ቀድማ ተገኘች፤ ፊቷን ቀና ብለው ለማየት የተቸገሩት መምህሩ ነበሩ።

በ1843 እ.ኤ.አ. ሎንዶን ውስጥ ሄንሪ ኮል የተባለ ሹም ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ ቢያጣ፣ በሠዓሊው በጆን ሆርስሊ አሥሎ ለሽያጭ የቀረበውን የመጀመሪያውን የገና ካርድ አሳተመ። እንግዲህ ካርድ የተፈለሰፈው የጽሕፈትን ድካም ለማቃለል ነው። በስማዳ ግን ክብደቱ ያረፈው በታተመው ምኞት ላይ ሳይሆን በእጅ በተጨመረችው አንዲት መስመር ላይ ነበር። በአገራችን ሕፃናት በእንቁጣጣሽ ማለዳ የሣሉትን አበባ ለጎረቤት ሲያበረክቱም የሚከበረው የሥዕሉ ውበት ብቻ አይደለም፤ የሠራው የሕፃኑ እጅ ነው።

«አሁንማ ሰው እንኳን አደረሰህ የሚለው በስልክ ነው። ምን ያደርጉልዎታል መምህር?» ሲል ባለ ሱቁ ጠየቀ።

መምህሩ መልስ ሳይሰጡ ክሩንና የአደይ አበባውን ካርድ ገዝተው ወጡ። ባሕር ዳር የምትኖረው ልጃቸው በየሳምንቱ ትደውላለች፤ እርሳቸውም በየሳምንቱ «ደኅና ነኝ» ይሏታል። በዚያ ማታ ወደ መብራቱ ተጠግተው ብዕር አነሡ። ከታተመው ምኞት በታች፣ በተንጋደደ መስመር፣ የግራ ዓይናቸው ብርሃን ከሰኔ ጀምሮ እየደከመ መምጣቱን ጻፉላት።