ሐውልቱ የሚጠይቀን

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አባቶቻችን። ነገሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የተወጋው ሞቶ የቀረ እንደ ሆነ ማን ያስታውስለታል? ሐውልት የሚቆመው ስለዚህ ነው፤ መናገር ለማይችለው ሙት ምላስ ይሆነው ዘንድ።

በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ አደባባይ በቆመው በየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት አጠገብ ብዙ ጊዜ አልፌአለሁ። በቅርቡ ግን ሆን ብዬ ሄጄ ዙሪያውን እየዞርሁ ተመለከትሁት። የሠሩት ሁለት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች፥ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። በላዩ የተቀረጸው የግፍ ሞት ነው፤ የወደቀው ሬሳ ለተመልካች ጆሮ ባይጮኽም ለልቡ ይጮኻል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ፥ የኔፕልስ ልዑል ስለ ተወለደ ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ፥ ድሆችን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወርውረው አቈሰሉት። ከዚያ በኋላ ወታደሩና ጥቁር ሸሚዝ ለባሹ ሦስት ቀን ሙሉ ያገኘውን ሁሉ ገደለ፤ ጎጆውን ከነሰዉ አቃጠለ። ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቍጥር 30,000 ትላለች። ለምጽዋት የተዘረጋው እጅ ሳይታጠፍ ቀረ።

ይሁን እንጂ ድንጋይ ብቻውን እውነትን አይጠብቅም። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር፥ አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ለግራዚያኒም መታሰቢያ ተመርቆለታል። ድንጋይ ለገዳይም ለተገዳይም ይታዘዛል፤ ለይቶ የሚያነብበው የሰው ኅሊና ነው።

እንግዲህ ኅሊናችን ከዚህ ሐውልት ምን ያነብባል? የኢጣልያን የልጅ ልጅ እንድንጠላ ነውን? አይደለም። የዚያን ጊዜው ትልቁ ኀጢአት ሁለት ሰዎች ስላደረጉት ነገር ምንም የማያውቀውን ሕዝብ ማስከፈል ነበር። እኛም አንድ ሰው ቢበድለን ዘመዱን ሁሉ፥ አገሩን ሁሉ በዳይ ብለን ብንነሣበት፥ በዚያው በግራዚያኒ መንገድ እንሄዳለን፤ ሟቾቹንም ሁለተኛ እንገድላቸዋለን።

በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን አበባ ማኖር መልካም ነው። ነገር ግን አበባው ይጠወልጋል። የማይጠወልገው፥ ንጹሑን ከበደለኛው ለይቶ የሚፈርድ ልብ ነው፤ ወዳጄ ሆይ፥ ወደ ሐውልቱ ስትሄድ ይህን ይዘህ ሂድ።