ስለ እራፊ ጨርቅና ስለ ስጦታ

በአገራችን ቋንቋ ብዙ ጊዜ የተጣፈና የተደራረበ ልብስ ድሪቶ ይባላል። ቃሉ ድህነትን ስለሚያመለክት ሰው ሲሰማው ፊቱን ያጨፈግጋል። ነገር ግን ድሪቶውን የሰፋችው ሴት ምን ስታስብ እንደ ነበር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እናት እራፊ የምትጥፈው ስለ ቸገራት ብቻ አይደለም፤ ልጇ እንዳይበርደው ስለምትፈልግም ነው። ስለዚህ በአንድ ልብስ ላይ ችግርና ፍቅር አብረው ተሰፍተው ይገኛሉ። ለዓይናችን ቶሎ የሚታየው ግን ችግሩ ነው።

እኔ በትርፍ ጊዜዬ የምሠራው የእጅ ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፈረንጆች ኩዊልት ይሉታል፤ ከልዩ ልዩ ቁራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። ሦስት ድርብ አለው፤ ከላይ ገጹ፣ ከሥር ገበሩ፣ በመካከላቸውም ሙቀት የሚይዘው ባዘቶ ነው። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ አስቀድመው በረጃጅም ስፌት ይወሰወሳሉ፤ ቀጥሎም ከላይ እስከ ሥር በሚዘልቅ ጥቃቅን ስፌት ይያያዛሉ፤ በመጨረሻም ዙሪያው በጨርቅ ጥብጣብ ይከፈፋል። ጥቃቅኑ ስፌት ለጌጥ ብቻ የተደረገ ይመስላል፤ ነገር ግን እርሱ ባይኖር ባዘቶው ሲታጠብ ተሰብስቦ በአንድ ማዕዘን ይከማች ነበር።

ይህ ሥራ ለወጣቶች የሚያስተምረው አንደኛው ነገር የጥቃቅን ነገር ብርታት ነው። ቁራጮቹ ሲጋጠሙ ለስፌት የሚተወው ዳር ሩብ ኢንች፣ ማለት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሰፊው በእያንዳንዱ ዳር 1 ሚሊ ሜትር ቢያበልጥ ማን ያየዋል? ነገር ግን 20 ቁራጮች በአንድ ረድፍ ሲጋጠሙ 19 ስፌት ይኖራል፤ በየስፌቱም ከግራና ከቀኝ 2 ሚሊ ሜትር ይጠፋል፤ በዚህም ረድፉ በ38 ሚሊ ሜትር ያጥርና ከጎረቤቱ ረድፍ ጋር አልገጥም ይላል። ያን ጊዜ በጉልበት ቢስቡት ጨርቁ ይጨማደዳል። መፍትሔው ሳይታክቱ በየስፌቱ መለካት፣ ያልገጠመውንም ሳይውል ሳያድር መተርተር ነው። የሰውም ጠባይ እንዲሁ ነው። አንድ ቀን ታላቅ ውሸት የሚዋሽ ጥቂት ነው፤ በየቀኑ አንዳንድ ሚሊ ሜትር የሚያጎድል ግን ብዙ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ስጦታ ነው። ሰጪው ብልሃቱን ሊያሳይ ከመነሣቱ በፊት የተቀባዩን ኑሮ ማወቅ አለበት። ለአራስ ልጅ የሚሰፋ ልብስ ዘወትር ስለሚታጠብ ጨርቁ ገና ሳይቆረጥ ታጥቦ መኮማተሩን መጨረስ፣ የሚለቅ ቀለም ካለውም መልቀቅ ይገባዋል፤ አዝራርና ዶቃም አይደረግበትም፤ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳልና። የእኅቴ ልጅ ለትምህርት ወደ ደብረ ብርሃን ስትሄድ የሰፋሁላት ግን ባዘቶው ወፍራም፣ ቀለሙም ጠቆር ያለ ነበር፤ የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነው፤ ተማሪም በየሳምንቱ የአልጋ ልብስ አያጥብም። ሁለቱን ባለዋውጣቸው ኖሮ ሁለቱም እንደ ተዋቡ ሁለቱም የማይረቡ ይሆኑ ነበር።

ሦስተኛው ትምህርት ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ይኸውም የምንወደው ሰው ትቶልን የሄደውን ነገር ምን እናድርገው የሚለው ነው።

በአሜሪካ አገር በአላባማ ክፍለ ግዛት፣ የአላባማ ወንዝ በሚጠማዘዝበት ስፍራ ጊስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ቀድሞ በዚያው እርሻ ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ጥቁር ሰዎች ዘሮች ናቸው። የመንደሩ ሴቶች ለብዙ ዘመን ካረጀ የሥራ ልብስና ከጆንያ ጨርቅ ኩዊልት እየሰፉ ቤተ ሰባቸውን ከብርድ ጠብቀዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም. ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል የዚያ መንደር ሴት፣ ባሏ ከሞተ በኋላ በልጇ በአርሎንዚያ ረዳትነት የሥራ ልብሱን ቀዳ እርሱን የምታስታውስበት አንድ ኩዊልት ሰፋች። ከ60 ዓመት በኋላ በ2002 የመንደሩ ሴቶች ሥራ በሂውስተንና በኒው ዮርክ ሙዚየሞች ለሕዝብ ታየ፤ በ2006ም የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሥዕሉን በቴምብር አወጣው። ያ ልብስ በተሰፋ ጊዜ ግን ለሙዚየም አልነበረም፤ ባሏን ያጣች ሴት ሌሊት እንድትለብሰው ነበር።

ይህን ታሪክ የማነሣው እናታችን በሞተች ጊዜ የዚህ ዓይነት ጥያቄ በእኛም ቤት ስለ ተነሣ ነው። ሌላው ልብሷ እንደ አገራችን ልማድ ለነዳያን ተሰጠ። አንድ ጋቢ ግን ቀረ። ጥጡን ራሷ ዳምጣ፣ አባዝታ፣ አመልማሎውን በእንዝርት ፈትላ፣ ማጉን ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው ነበር። እኛ ሦስት ነን፤ ጋቢው አንድ ነው፤ እርሱም ከመታጠብ ብዛት መካከሉ ሳስቶ በሁለት ስፍራ ተቀዷል። ታላቅ ወንድማችን ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ አለ፤ ታናሽ እኅታችን ያስታመምኋት እኔ ነኝና ለእኔ ይገባል አለች። ነገሩ እየከረረ ሄዶ እስከ አርባዋ ድረስ ሁለቱ አልተነጋገሩም።

እኔም ለሦስት ቆርጬ በሦስት ኩዊልት ውስጥ እንዳገባው ለመንኋቸው። ወንድሜ፣ «እታለም፣ በሰሎሞን ፊት ልጁ ይቆረጥ ያለችው እናቱ ያልሆነችው ናት» አለኝ። አባባሉ ከባድ ነበር። «ወንድምዓለም፣ ሕፃን ሲቆረጥ ይሞታል፤ ጋቢ ግን የሚሞተው ማንንም ሳያለብስ ሣጥን ውስጥ ሲበሰብስ ነው» ብዬ መለስሁለት። ሳምንት ያህል ዝም ብሎ ቆይቶ ጋቢውን በልጁ እጅ ላከልኝ።

በእጅ የተፈተለ ማግ ላላ ያለ ስለሆነ ሲቆረጥ ይተረተራል። ስለዚህ የጋቢውን እጥፍ ፈትቼ ከሥሩ ስስ አቡጀዲ አደረግሁ፤ መቀስ የሚያልፍበትንም መስመር ግራና ቀኙን በመኪና ሰፍቼ ከዚያ በኋላ ቆረጥሁት። የሳሳውን ክፍል አልጣልሁትም፤ ለሦስቱም እኩል አካፈልሁት፤ ጥለቱንም እንዲሁ። ደህናው ለአንዱ፣ የተቀደደው ለሌላው ቢደርስ ኖሮ ጠቡ በሌላ በር ይመለስ ነበርና። ሥራው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ፈጀ።

ጋቢው ዳግመኛ ሙሉ አይሆንም፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ወንድሜም ኩዊልቱን ሲያይ አንዳንድ ጊዜ ዝም ይላል። ነገር ግን በየሌሊቱ ይለብሰዋል። ከእኅቴም ጋር ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ይጠያየቃሉ። አያታቸውን ያላወቋት ታናናሾቹ ልጆችም እርሷ የፈተለችውን ክር በጣታቸው እየዳሰሱ ይተኛሉ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ከወላጆችህ የምትወርሰው ነገር ብዙም ይሁን ጥቂት፣ ሙሉውን ለብቻህ ይዘህ ወንድምህን ከምታጣ ተካፍለህ ብትጠቀምበት ይሻላል። ስጦታም ስትሰጥ ገንዘብ ከሌለህ አትፈር፤ መርፌ፣ ክር፣ ማስመሪያና ጥቂት እራፊ ካለህ የራስህን ጊዜ ለሰው መስጠት ትችላለህ። እናትህም በሕይወት ካለች ዛሬ አጠገቧ ተቀምጠህ እንዴት እንደምትፈትል ወይም እንደምትሰፋ ጠይቃት። ክር በገበያ ይገኛል፤ እጇ ግን አይገኝም።