ብራናው ይሳማል፣ ቅኔውስ?

እኛ ሰዎች ግን ምን ጉድ ነን! ወንጌሉ ሲወጣ ተጋፍተን እንሳለማለን፤ ገልጠን ያነበብነው ግን ስንቶቻችን ነን? መሳለሙን አልነቅፍም። አድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኘው የወንጌል ብራና ከ1,300 ዓመት በላይ የቆየው መነኮሳቱ ስለሳሱለት ነው።

የሚገርመኝ፣ ብራናውን እንዲህ የጠበቀችው ቤተ ክርስቲያን ለቅኔ ስስት የሌላት መሆኗ ነው። የዋሸራን የቅኔ ተማሪ አስቡት፤ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ዛፍ ሥር ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ሲቆጥር ይውላል። ለየኔታ ይነግራል፤ «ይህ ቤት አልሞላም» ተብሎ ይታረማል። ነገ ደግሞ ሌላ ይቆጥራል። ሊቁም ቢሆን በበዓል ማኅሌት ቆሞ መወድስ ቅኔውን አንዴ ያፈሰዋል፤ ወርቁ የገባቸው ያደንቃሉ፣ ያልገባን አብረን ራሳችንን እንነቀንቃለን፣ አለቀ። የአምናውን መልሶ ቢያመጣ ያፍራል። ሊቅነቱ የሚለካው ዛሬ አዲስ በማፍለቁ ነዋ!

ጆሮው የሰላ ተማሪ አንዳንዱን በቃሉ ይይዛል፤ የቀረው ከዕጣኑ ጋር ይሄዳል። ዛሬ በስልክ የሚቀዱ፣ ሰብስበው መጽሐፍ የሚያሳትሙም አሉ፤ እሰየው ነው። እኔማ ስስታም ነኝ፣ ከፊት ቆሜ ነበር የምቀዳው። የኔታ ቢቆጡም ባይቆጡም።