የሙከራ ዋንጫና ተጠባባቂው ጓደኛችን

የአዲስ አበባ ከተማ ዋንጫን ሁላችን እናውቀዋለን። የከተማው እግር ኳስ ፌዴሬሽን የሊጉ ጨዋታ ከመከፈቱ በፊት ሲያዘጋጀው የቆየ ውድድር ነው። ዋንጫ ቢኖረውም ዋናው ጥቅሙ ሙከራ ነው፤ አሠልጣኙ አዲሱን ተጫዋች ያያል፣ ክረምት ያሰረውን እግር ያፍታታል። አውስትራልያውያንም በሞላላው ኳሳቸው እንዲህ ያለ ዋንጫ ነበራቸው፤ ከ1988 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ተጫውተውበት አስቀሩት። አዲስ ሕግ እንኳ ይሞክሩበት ነበርና ከሩቅ ለተመታ ግብ 9 ነጥብ እስከ መስጠት ደርሰዋል።

እኛ የየካ ልጆችም ይህን አይተን በመስከረም ትንሽ ውድድር ለማድረግ ተስማማን። ለዚሁም ክረምቱን ሁሉ ማለዳ ማለዳ ወደ እንጦጦ ወጣን። ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ በባሕር ዛፉ መካከል ስንሮጥ ደረታችን ይቃጠል ነበር። ከመካከላችን አንዱ ኳስ እምብዛም አይሆንለትም፤ ነገር ግን አንድም ቀን አልቀረም። ጭቃው ባሰነፈን ዕለት ከየቤታችን እየዞረ የጠራን እሱ ነው።

የጨዋታው ቀን ሲደርስ ግን ሙከራ መሆኑን ረሳን። ማሸነፍ አማረን፤ እሱንም ከሜዳው ዳር አስቀመጥነው። ሁለት ለባዶ እየመራን እንኳ «ግባ» ያለው የለም። ዋንጫውን ወሰድን። እሱም ሲጠብቅልን የቆየውን ልብሳችንን አስረክቦን ወደ ቤቱ ሄደ፤ በማግሥቱ የሚጠራን አጣን።

እንግዲህ በሙከራ ጨዋታ ያላሰለፍነውን ሰው በየትኛው ልናሰልፈው ነበር? ዋንጫው በአንዳችን ቤት መስኮት ላይ ተቀምጧል። እኛም በመጪው ቅዳሜ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ በተራችን የእሱን በር ልናንኳኳ ቆርጠናል።