ቤስብሩክ፤ ከተልባ እግር የተወለደች ከተማ

አንባቢ ሆይ፤ ተልባን የምታውቀው ተቆልቶና ተወቅጦ በጾም ቀን ሲቀርብልህ ነው። የአገራችን ገበሬ ተልባ የሚዘራው ለፍሬው ነውና። በሰሜን አየርላንድ ግን ይፈለግ የነበረው አገዳው ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ «የተልባ እግር» የሚለው ልብስ የሚሠራው ከአገዳው ቃጫ ነው። ዛሬ ይህ ሥራ ወደ ፈጠራት ትንሽ ከተማ እንወስድሃለን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤስብሩክ የምትገኘው በኒውሪ ከተማ አጠገብ ነው። በ1845 ዓ.ም. ጆን ግራብ ሪቻርድሰን የተባለ የኩዌከር እምነት ተከታይ ባለፋብሪካ ለሠራተኞቹ መኖሪያ ትሆን ዘንድ ቆረቆራት። ቤቶቹ አደባባይ ከበው በድንጋይ ተሠሩ፤ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ሦስት ነገሮች ግን አይገቡባትም ነበር፤ እነርሱም መጠጥ ቤት፣ ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ የሚያበድር ቤትና ፖሊስ ጣቢያ ናቸው። መጠጥ ከሌለ ዕቃውን በመያዣ የሚሰጥ የለም፤ ሁለቱ ከሌሉ ደግሞ ፖሊስ ምን ሥራ አለው? በ1885 ዓ.ም. በውሃ ኃይል በሚመነጭ ኤሌክትሪክ የሚሄድ ትራም ከኒውሪ ድረስ ተዘረጋላት።

«ምን ያሉ ዕድለኞች ናቸው!» ትል ይሆናል። እስቲ ደግሞ የዚያን ዘመን የአየርላንድ ተልባ ሠራተኞች እንዴት ይውሉ እንደነበር ተመልከት። ተልባው ከነሥሩ ይነቀላል፤ በኩሬ ተዘፍዝፎ ይበሰብሳል፤ ከደረቀ በኋላ ይቀጠቀጣል፤ ይበጠራል። በማበጠሪያው ክፍል ብናኙ ሳንባ እየገባ ብዙዎችን ለሳልና ለትንፋሽ ማጠር ዳረገ። ቀጭን ክር የሚወጣው ቃጫው በሙቅ ውሃ ሲያልፍ በመሆኑ፣ ፈታዮቹ ሴቶች በእንፋሎት መካከል፣ በረጠበ ወለል ላይ፣ በባዶ እግራቸው ቆመው ይውሉ ነበር። ልጆችም ግማሹን ጊዜ በትምህርት ቤት፣ ግማሹን በፋብሪካ ያሳልፉ ነበር። በመኪና ጩኸት የደከመ ልጅ ትምህርት እንዴት እንደሚገባው አንተው ፍረድ።

የሪቻርድሰን ቸርነት ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ሥራውም ቤቱም በአንድ ጌታ እጅ ሲሆን፣ ሠራተኛው «ብናኙ በዛብን» ለማለት ሁለት ጊዜ ማሰብ ይኖርበታል። መልካም ቤት የረጠበ እግር አያደርቅም።

ትራሙ በ1948 ዓ.ም. ቆመ፤ ፋብሪካው በ1972 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ኋላም የብሪታንያ ጦር ሰፈር ሆኖ እስከ 2007 ዓ.ም. ቆየ። በአደባባዮቹ ዙሪያ ባሉት ቤቶች ግን ዛሬም ሰው ይኖራል። ወደዚያ የሄድህ እንደሆነ፣ የድንጋዩን ውበት ስታደንቅ የፈታዮቹንም ድካም አስብ፤ ከተማይቱን ያቆመው ያ ድካም ነውና።